የመልካ ዋከና ውኃና የኢተያ ነፋስ በአንድ የኃይል ቋት

በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ የተገነባውና በ1980ዎቹ መግቢያ ሥራ የጀመረው የመልካ ዋከና የውኃ ኃይል ማመንጫ፣ እንዲሁም በግንቦት ወር 2007 ዓ.ም የተመረቀው የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተገጠመላቸው አቅም እኩል 153 ሜጋ ዋት ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ለብሔራዊ የኃይል ቋት የሚሰጡት አገልግሎት በእጅጉ ይለያያል። የመጀመሪያው ውኃ አጠራቅሞ በተፈለገው ሰዓት ሲለቅ፣ ሁለተኛው ነፋስ በነፈሰበት ሰዓት ብቻ ያመነጫል። የውኃ ኃይል ማመንጫ ምርቱን እንደ ሁኔታው ከፍና ዝቅ ማድረግ መቻሉ የማስተካከያ አቅም ይባላል። ይህ አቅም በማመንጫው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ስለማይታወቅ በሞዴል ይሰላል።

የአርሲ ደጋ ለጉዳዩ ጥሩ ማሳያ ነው። የጭላሎና የጋላማ ተራሮች የውኃ መለያያ በመሆናቸው፣ በስተምዕራብ የሚወርደው ውኃ በካታር ወንዝ በኩል ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ጢቾ ከተማ በምትገኝበት በምሥራቁ ወገን የሚወርደው ደግሞ ከዋቢ ሸበሌ ጋር ይቀላቀላል። ከአሰላ በስተሰሜን፣ በኢተያ አቅራቢያ፣ 29 ተርባይኖች ያሉትና 100 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የአሰላ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተተክሏል። ወንዙና ነፋሱ በጥቂት ሰዓታት መንገድ የሚራራቁ ጎረቤቶች ናቸው ማለት ይቻላል።

በኃይል ቋት ውስጥ የሚመነጨውና ጥቅም ላይ የሚውለው ኃይል በማናቸውም ቅጽበት መመጣጠን አለበት። ሚዛኑ ሲዛባ ፍሪክዌንሲው ከ50 ኸርዝ ይርቃል፤ መዛባቱ ከበረታም ኃይል ይቋረጣል። ነፋስን አስቸጋሪ የሚያደርገው ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ በውስጡ ያለው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ የሚወርድ መሆኑ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የነፋስ ማመንጫ ምርቱ ከ80 ወደ 30 ሜጋ ዋት ቢወርድ፣ የጎደለውን 50 ሜጋ ዋት ሌላ ማመንጫ ወዲያውኑ መተካት ይኖርበታል። ውኃው ከ100 ሜትር ከፍታ የሚወርድበት ማመንጫ ይህን ለመሸፈን በሰከንድ 57 ሜትር ኩብ ያህል፣ በአንድ ሰዓት ደግሞ 204 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ተጨማሪ ውኃ ይለቃል። ከፍታው በእጥፍ ቢጨምር የሚያስፈልገው ውኃ በግማሽ ይቀንሳል። በአንጻሩ ነፋሱ ሲበረታ ያው ውኃ በግድቡ ይቆያል። በሌላ አነጋገር የነፋስ ማመንጫው ውኃ ቆጣቢ ነው።

እነዚህን ሂሳቦች የሚሠራው ሞዴል በየሰዓቱ የሚጠበቀውን የኃይል ፍላጎት፣ የነፋሱን ፍጥነት፣ ወደ ግድቡ የሚገባውን ውኃና የሐይቁን ከፍታ ይቀበላል። ተርባይኖች ከተወሰነ ጭነት በታች ሲሠሩ ስለሚንቀጠቀጡና ስለሚጎዱ ዝቅተኛው የምርት መጠን አብሮ ይገባል። የማስተላለፊያ መስመሮች አቅምም እንዲሁ። በወርሃዊ አማካይ ብቻ የሚሠራ ስሌት ለዓመታዊ ዕቅድ ይበቃ ይሆናል፤ ነገር ግን የምሽቱን ጎደሎ በቀትሩ ትርፍ ሸፍኖ ያሳያል። ለአሰላ ብቅል ፋብሪካም ሆነ ለጢቾ ወፍጮ ቤት የሚጠቅመው በሥራ ሰዓት የሚደርስ ኃይል እንጂ የወሩ አማካይ አይደለም።

ጉዳዩ ከስሌት በላይ መሆኑ በ2011 ዓ.ም በገሃድ ታይቷል። በዚያ ዓመት ግንቦት ወር በግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ያለው ውኃ በመቀነሱ የ476 ሜጋ ዋት እጥረት መፈጠሩ ተገልጾ፣ በመላ አገሪቱ ኃይል በፈረቃ እንዲሰጥ ተደርጓል፤ ለሱዳን የሚሸጠውም ቆሟል። የጊቤ ሦስት የተገጠመ አቅም 1 ሺህ 870 ሜጋ ዋት ነው፤ ተርባይኖቹም በቦታቸው ነበሩ። የጎደለው ውኃ ነው። የአዳማ አንድ፣ የአዳማ ሁለትና የአሸጎዳ የነፋስ ማመንጫዎች ድምር 324 ሜጋ ዋት ስለሆነ፣ ሁሉም በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ እንኳ ያን እጥረት አይሸፍኑም። ለወራት ቀድመው ውኃ መቆጠብ የሚችሉ ተጨማሪ የነፋስ ማመንጫዎች ቢኖሩ ግን ሁኔታው የተለየ ይሆን ነበር። በኢትዮጵያ ነፋሱ በአብዛኛው የሚበረታው ዝናብ በማይኖርበት ወቅት መሆኑ ለዚህ አመቺ ነው።

በዚህ መስክ ከታወቁት ጥናቶች አንዱ ሴባስቲያን ስተርል የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ በ2021 ኔቸር ኢነርጂ በተባለው መጽሔት ያወጡት ነው። ጥናቱ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ አሠራር ከምሥራቅ አፍሪካ የፀሐይና የነፋስ ኃይል ጋር ቢቀናጅ ምን እንደሚመስል ይመረምራል። ግድቡ ዓመቱን ሙሉ እኩል ከማምረት ይልቅ ፀሐይና ነፋስ በሚበረቱበት በጋ ምርቱን ቀንሶ በክረምት ቢጨምር፣ የወንዙ አፈሳሰስ ወደ ተፈጥሯዊው ወቅታዊ ሁኔታ እንደሚቀርብ ያመለክታል። ይህ የሚሆነው ግን በቂ የፀሐይና የነፋስ ማመንጫዎች ሲገነቡ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ሲሆን፣ ከአገሪቱ የተገጠመ አቅም ከ90 በመቶ በላዩ አሁንም የውኃ ኃይል ነው።

ሞዴሉ የሚታመነው የሚገቡለት መረጃዎች የታመኑ ሲሆኑ ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ በደለል ምክንያት ውኃ የመያዝ አቅሙ በእጅጉ ስለቀነሰ፣ በጥንቱ ልኬት የሚሠራ ስሌት የሌለ ውኃ ይቆጥራል። ከቆቃ የሚለቀቀው ውኃ በአዋሽ ሁለትና ሦስት ማመንጫዎች ዳግም ጥቅም ላይ ይውላል፤ የወንጂና የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎችም ይጠጡታል። በዋቢ ሸበሌም ከመልካ ዋከና በታች እስከ ጎዴ ድረስ በወንዙ የሚኖሩ አርሶ አደሮችና አርብቶ አደሮች አሉ። ነፋስ ለማመጣጠን ሲባል ውኃው በአንድ ሰዓት ተለቆ በሌላው ሲቆም የወንዙ ከፍታ ስለሚዋዥቅ፣ ለታችኛው ተፋሰስ ሊለቀቅ የሚገባው ዝቅተኛ መጠን በሞዴሉ ውስጥ እንደ ቋሚ ግዴታ ይጻፋል፤ ለኃይል ማስተካከያ የሚውለው ከዚያ የተረፈው ውኃ ነው።