1780 የሚለውን ቁጥር አትመኑ

የመቂ ስም ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። ስለ አሮጌ ገንዘብ ስናወራ መቂን ለምን እናነሳለን? ከተማዋ ያለችው ከዝዋይ (ደንበል) ሐይቅ ብዙም ሳትርቅ ነው፤ የመቂ ወንዝም የሚገባው ወደዚሁ ሐይቅ ነው። በሐይቁ ካሉት ደሴቶች አንዱ ቱሉ ጉዶ ይባላል። በዛይ ሕዝብ ትውፊት መሠረት፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰድዶ የተጠለለው በዚህ ደሴት ነው።

እስቲ አስቡት፤ አንድ ሻጭ አረንጓዴ ዝገት የያዘች ሳንቲም አውጥቶ «ይቺ ከታቦቱ ጋር ከአክሱም የመጣች ናት» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ወሬው ያምራል፣ ከአካባቢው ትውፊት ጋርም ይገጥማል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸወደው ከሳንቲሙ ይልቅ አብሮት በሚሸጠው ወሬ ነው።

ለዚህ ከጠገራ ብር የተሻለ ማስረጃ የለም። ብዙ አያቶች ሳጥን ውስጥ ወይም የአንገት ጌጥ ላይ የምናየው ይህ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል አለበት፤ የታተመበትም ዓመት 1780 ይላል። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሩ ግን አልሞተም። በእኛም አገር በቀይ ባሕር ዙሪያም ተፈላጊ ስለነበረ፣ ዓመቱ ሳይቀየር ለሁለት መቶ ዓመታት መታተሙን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ ማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አሳተመ፤ ወታደሩ አገር ውስጥ ሲገባ የሚከፍለው ገንዘብ ያስፈልገው ነበርና። እንግሊዞችም ለንደን ላይ፣ ቀጥሎም ቦምቤይ ላይ አሳተሙ። በሁሉም ላይ የተጻፈው 1780 ነው።

ታዲያ በ1935 የታተመው ሐሰተኛ ነው? አይደለም። ክብደቱ ያው 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱም ንጹሕ ብር ነው። ሐሰት የሚሆነው «ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነው» ተብሎ ሲሸጥ ነው።

የድሮ ሰዎች ቁጥሩን አይተው ዝም አይሉም ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት አገራችንን ያዩ ተጓዦች እንደጻፉት፣ ገበያተኛው የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ ፍሬዎች፣ ከሥር ያሉትንም ትንንሽ ፊደላት አንድ በአንድ ይመረምር ነበር። ያላማረውን ብር «አልፈልግም» ብሎ ይመልሳል። የአፄ ምኒልክ ምስል ያለበት ብር በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ታትሞ ሲመጣ እንኳ ብዙ ሰው ጠገራውን አልለቅም ብሏል።

የእኛም ምርመራ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ ማግኔት አስጠጉት፤ ማግኔት የሚስበው ብር የለም። ጠርዙን እዩት፤ ትክክለኛው ጠገራ ዙሪያውን ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላት አሉት። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ሳንቲም ላይ ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች፣ ጠርዙ ላይም የመጋጠሚያ መስመር ሊታይ ይችላል። ሁለት ሳንቲሞች አንድ ዓይነት ጭረት አንድ ቦታ ላይ ካላቸው ከአንድ ቅርጽ ወጥተዋል ማለት ነው። ደግሞ በሎሚና በአሸዋ አትሹት፤ እድሜውን የሚናገረውን ገጽ አብራችሁ ትፍቃላችሁ።

በጠገራ መሸወድ ኪስን ይጎዳል። በአክሱም ሳንቲም መሸወድ ግን ታሪክን ይጎዳል። አክሱም ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንድቢስ ጀምሮ፣ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ አሳትማለች። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን መቀበሉን ከምናውቅባቸው ማስረጃዎች አንዱ በሳንቲሙ ላይ የነበረው ጨረቃና ክብ ምልክት ወጥቶ መስቀል መግባቱ ነው። ከአክሱም ነገሥታት መካከል ስማቸው ከሳንቲም በስተቀር የትም ያልተገኘ አሉ። እንግዲህ አንድ አንጥረኛ አዲስ ስም ቀርጾ ቢሸጥ፣ ነግሦ የማያውቅ ንጉሥ ፈጠረልን ማለት ነው።

እውነተኛውም ቢሆን ከየት እንደተቆፈረ ካልታወቀ ግማሽ አፉ ተዘግቷል። ከቱሉ ጉዶ አፈር ውስጥ የአክሱም ሳንቲም በባለሙያ እጅ ቢወጣ ስለ ስደቱ ትውፊት ትልቅ ነገር ሊነግረን በቻለ ነበር። ያው ሳንቲም በሻጭ ኪስ ሲመጣ ግን ምንም አያስረዳም፤ ከአክሱም ይሁን ከደሴቱ፣ ትናንት ይግባ ከሺህ ዓመት በፊት፣ ማን ያውቃል? የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅ የደነገገው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ አሮጌ ሳንቲም ሲያሳዩአችሁ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «የት ተገኘ?» በሉ። የአያታችሁም ጠገራ ቤት ውስጥ ካለ ከማን እጅ እንደመጣ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉት። 1780 የሚለው ቁጥር ይህን አይነግራችሁም፤ የሚያውቁት አያታችሁ ናቸው።