ቅኝት

ቅኝት በኢትዮጵያ፣ በተለይም በአማርኛ ዘፈን፣ አንድ ዜማ የሚመሠረትባቸውን ድምፆችና በመካከላቸው ያለውን ርቀት የሚወስን የሙዚቃ ሥርዓት ነው። ቃሉ «ቃኘ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ የክራር ክር ወጥሮና አላልቶ ማስማማትንም ያመለክታል።

ዋናዎቹ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎችም መጠሪያ ናቸው። እያንዳንዱ 5 ድምፆች አሉት። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሆን ግማሽ ድምፅ አይገባበትም። ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ትዝታ ማይነር ይገኛል፤ የተለወጡት ሁለት ክሮች ብቻ ሆነው ሳለ የዜማው ስሜት ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። አንቺ ሆዬ ደግሞ ሶልን ራሱን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ ከሌሎቹ በግልጽ ይለያል።

በባህላዊው አጨዋወት መነሻው ድምፅ ቋሚ አይደለም፤ ክራሩ የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች ነው። እንደ ዓረቡ መቃምና እንደ ህንዱ ራጋ ሁሉ፣ ቅኝት ከድምፆች ዝርዝር ባሻገር የዜማውን አካሄድና ስሜት ያካትታል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ግን የሚመደበው በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ነው።