ከልጅነት ካንሰር የዳኑ ወጣቶች ጤናቸውን እንዴት ይከታተላሉ?

የሕፃናት ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበትና ሕክምናው ሳይቋረጥ ከተሰጠ በአብዛኛው የሚድን በሽታ ነው። ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) በጀመረው ዓለም አቀፍ ጥረት፣ በ2030 በዓለም ዙሪያ ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት እንዲድኑ ግብ ይዟል። በአገራችንም በጥቁር አንበሳና በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ሕክምናው ይሰጣል። አልሐምዱሊላህ፣ ታክመው ድነው ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የሚደርሱ ልጆች አሉን።

ይሁን እንጂ ልጁ ዳነ ማለት ክትትሉ አበቃ ማለት አይደለም። ካንሰሩን ያጠፋው መድኃኒት ከዓመታት በኋላ ሌላ የጤና ችግር ሊያስከትል ይችላል።

ሕክምናው ምን ሊያስከትል ይችላል?

ጉዳቱ ሁሉም ላይ አይደርስም። እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና መጠን፣ እንደ ልጁም ዕድሜ ይለያያል።

- ዶክሶሩቢሲንና ዳውኖሩቢሲን፦ የልብ ጡንቻን ሊያዳክሙ ይችላሉ። ምልክቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ በየጊዜው የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ያስፈልጋል።
- ሲስፕላቲን፦ የመስማት አቅምንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።
- ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን፦ አጥንትን ሊያሳሱ ይችላሉ።
- ሳይክሎፎስፋማይድ፦ በብዛት ከተወሰደ የመውለድ አቅምን ሊቀንስ ይችላል።
- የጨረር ሕክምና፦ ጭንቅላት ላይ ከሆነ ዕድገትንና ትምህርት የመቀበል ችሎታን፣ አንገት ላይ ከሆነ የታይሮይድ ዕጢን ሊነካ ይችላል። ደረታቸው ላይ ጨረር የወሰዱ ልጃገረዶች ሲያድጉ የጡት ካንሰር ምርመራ ከሌሎች ሴቶች ቀድመው መጀመር አለባቸው።

የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀት

ከዳነ ልጅ እጅ መጥፋት የሌለበት ሰነድ ይህ ነው። የበሽታው ስም፣ ሕክምናው የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን፣ የእያንዳንዱ መድኃኒት ስምና ጠቅላላ መጠን፣ ጨረር ከነበረ ቦታውና መጠኑ፣ እንዲሁም የተደረገው ቀዶ ሕክምና ሊሰፍርበት ይገባል። ካርዱ ሳይጠፋ፣ ሐኪሙም ሳይቀየር ሕክምናው ከተሰጠበት ሆስፒታል መጠየቅ ይሻላል። ኮፒው ቤት ይቀመጥ፤ ፎቶውም በስልክ ይያዝ። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያየው ሐኪም ምን መመርመር እንዳለበት የሚያውቀው ከዚህ ወረቀት ነው።

ልጁ በሽታውን ይወቅ

አንዳንድ ወላጆች ለልጁ በማዘን ወይም የሰው ወሬ በመፍራት የበሽታውን ስም ይደብቃሉ። ልጁም ሲያድግ "ትንሽ ሆኜ ታምሜ ነበር" ከማለት የዘለለ አያውቅም። ልቡ ሲደክም ወይም ትንፋሽ ሲያጥረው ለሐኪም የሚናገረው ነገር ያጣል። ስለዚህ እንደ ዕድሜው እየተነገረው ያድግ። ለአካለ መጠን ሲቃረብ ሐኪሙን ራሱ ይጠይቅ፣ ቀጠሮውንም ራሱ ይያዝ። እናትና አባት ሁልጊዜ አጠገቡ አይኖሩም።

ፆምና ኒካህ

የጤና ችግር ያልተገኘበት ወጣት እንደማንኛውም ሰው ሊፆም ይችላል። ነገር ግን ዊልምስ በተባለው የኩላሊት ካንሰር ምክንያት አንድ ኩላሊቱ የወጣለት፣ የልብ ድካም ያለበት ወይም በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከረመዷን በፊት ሐኪሙን ያማክር። ፆም የሚጎዳው ከሆነ ሸሪዓው ለታማሚ ሩኽሷ ሰጥቷል። ቀዷ ማውጣት ወይም ፊድያ መክፈል እንዳለበት ደግሞ ዓሊም ይጠይቅ።

ትዳርን በተመለከተ ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የአብዛኞቹ የዳኑ ሰዎች ልጆችም ከሌሎች ልጆች የተለየ የካንሰር ሥጋት የለባቸውም። ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የዓይን ካንሰር ግን በዘር የሚተላለፍ ዓይነት አለው፤ ይህ ዓይነት ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። በመሆኑም የሚወለዱት ሕፃናት ዓይናቸው ወዲያው መታየት አለበት። ልብን የሚነኩ መድኃኒቶች የወሰደች ሴት ከእርግዝና በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ልቧን ትመርመር። የመውለድ አቅምን የሚነካ ችግር ካለ ከኒካህ በፊት በግልጽ መነጋገር በኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል።

የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ

ሲጋራና ሺሻ ለማንም ጎጂ ናቸው፤ ልቡና ሳንባው አንዴ ለተፈተነ ሰው ደግሞ ይብሳሉ። ጫትም የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። አዘውትሮ መራመድ፣ ክብደትን መጠበቅና የታዘዙ ክትባቶችን መውሰድ ይረዳል። አዲስ እብጠት፣ ያልታወቀ መድማት፣ ከትውከት ጋር የሚመጣ ራስ ምታት ወይም የትንፋሽ ማጠር ሲኖር ቀጠሮ አይጠበቅም። ጣፊያው የወጣለት ሰው ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ።

በምርመራ ቀን መሸበር፣ እንቅልፍ ማጣትና ማዘን በብዙዎች ላይ ይደርሳል። ይህ የኢማን ድክመት ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ዱዓና ሶላት ልብን ያረጋጋሉ፤ ጭንቀቱ ከበረታ ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማነጋገር ራሱ ሕክምና ነው። ተወኩል ሰበብን ካደረሱ በኋላ ነው፤ ቀጠሮን ማክበርና ወረቀትን መጠበቅም ከሰበቡ ይቆጠራሉ። አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለዳኑት ዓፊያውን ይስጥልን።