ጌታው ሲደግስ መንደሩ ይጠርጋል

ስሌን አየርላንድ ውስጥ፣ ከደብሊን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ቦይን ወንዝ ዳር ያለች መንደር ናት። ነዋሪዋ ከ2 ሺህ አይበልጥም። አጠገቧ ካለው የባላባት ግንብ በታች ሜዳው እንደ ስታዲየም ደረጃ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ኮንሰርት ሲኖር 80 ሺህ ሰው ይይዛል። እስቲ አስቡት፤ ለአንድ ነዋሪ 40 እንግዳ!

ርስቱ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በኮኒንግሃም ቤተሰብ እጅ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ያንብቡልኝ)። ታዋቂ እንግዳም ለግንቡ አዲስ አይደለም። በ1821 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ መጥቶ ነበር፤ የቤቱ እመቤት ውሽማው ነበረች። ከደብሊን ወደ ስሌን የሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለው ንጉሡ እንዳይዘገይ ተብሎ ነው ይላል ያገሬው ሰው። ሐሜት ነው፤ ግን ደስ ይላል።

ባላባት ኮንሰርት ውስጥ ምን አስገባው? ገንዘብ ነዋ። እንዲህ ያለ ግንብ ድሮ የሚተዳደረው ጭሰኛ በሚከፍለው የመሬት ኪራይ ነበር። በ1903 የወጣው ሕግ ግን ጭሰኞች በ68 ዓመት ተኩል የሚከፈል የመንግሥት ብድር እየወሰዱ የሚያርሱትን መሬት እንዲገዙ አደረገ። በመላው አየርላንድ ርስቱ ተቆራርሶ ተሸጠ። ለባላባቱ የቀረው ግንቡ፣ በዙሪያው ያለው ሜዳ፣ እና የሚያፈስ ጣሪያ ነው። ከ1920 እስከ 1923 በነበረው ጦርነት ደግሞ ከ200 በላይ የባላባት ቤቶች ተቃጠሉ። ስሌን ተረፈ።

ሎርድ ሄንሪ ማውንትቻርልስ በ1976 ግንቡን ሲረከብ ገና 25 ዓመቱ ነበር። በ1981 ሜዳውን ለሮክ ሙዚቃ ከፈተው። ዋናዎቹ ዘፋኞች ቲን ሊዚ ነበሩ፤ መድረኩን ካሟሟቁት አንዱ ያኔ ገና ወጣት የነበረው ዩ ቱ ነው። በዓመቱ ሮሊንግ ስቶንስ መጡ።

ከዚያ 1984 ደረሰ። ቦብ ዲላን ሐምሌ 8 ሊዘፍን ነው፤ ሰዉ ግን ከዋዜማው ጀምሮ መንደሩን ሞልቶታል። በዚያ ሌሊት ረብሻ ተነሣ፤ የፖሊስ ጣቢያው ተከበበ፣ መስኮቶች ረገፉ። ኮንሰርቱ በማግሥቱ ቀጠለ! በ1985 ብሩስ ስፕሪንግስቲን ሲመጣም 100 ሺህ ያህል ሰው እንደተሰበሰበ ይነገራል።

እኔ እንደሚመስለኝ ከዚያ ሌሊት በኋላ ጉዳዩ ሙዚቃ መሆኑ ቀርቷል። ጥያቄው በገዛ ሜዳዬ የፈለግሁትን ባደርግ ማን ያገባዋል የሚለው ነው። ባለ መጠጥ ቤቱና ባለ ሱቁ የዓመት ገቢውን በአንድ ቀን ሊያገኝ ይችላል። መንገድ ተዘግቶበት፣ አጥሩ ሥር ሽንት ሲሸና የሚያድረው ጎረቤት ግን ከትኬቱ ምን ያገኛል? ሁለቱም እኮ የአንድ መንደር ሰዎች ናቸው።

መልሱ በሕግ መጣ። በ2000 የወጣው የፕላንና ልማት ሕግ 5 ሺህና ከዚያ በላይ ተመልካች የሚጠበቅበት የሜዳ ላይ ዝግጅት ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። አዘጋጁ በጋዜጣ ያስታውቃል፤ ማንም ሰው አስተያየቱን በጽሑፍ ማስገባት ይችላል፤ ፖሊስና የጤና መሥሪያ ቤትም ይጠየቃሉ። ያለ ፈቃድ ማዘጋጀት ወንጀል ነው። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ቅድመ አያቶቹ ለባላባት ኪራይ ይከፍሉ የነበሩ ሰው ዛሬ የባላባቱ ድግስ ላይ በሕግ አስተያየት ይጠየቃል።

ሕጉ ጥርስ እንዳለው የታየው ግን ስሌን ላይ ሳይሆን ደብሊን ነው። በ2014 ጋርዝ ብሩክስ በክሮክ ፓርክ ስታዲየም ለአምስት ምሽት ሊዘፍን 400 ሺህ ትኬት ተሸጠ። ጎረቤቶች ተቃወሙ፤ ከተማው ሦስቱን ፈቅዶ ሁለቱን ከለከለ። ውሳኔውን ወደ ፕላን ቦርድ በይግባኝ መውሰድ አይቻልም ነበር። ዘፋኙ አምስቱም ካልሆኑ ይቅርብኝ አለ፤ ሁሉም ተሰረዘ።

በ2023 ሃሪ ስታይልስ ስሌን ሜዳ ላይ ሲወጣም ከመድረኩ በፊት የመኪና ማቆሚያው፣ የሽንት ቤቱ፣ የድምፁ መጠን ተራ በተራ በወረቀት አልፎ ነበር።