«ጭስ ለዋጭ» እንጂ «ጭስ ማጣሪያ» አይደለም

ካታላይቲክ ኮንቨርተርን «ጭስ ማጣሪያ» ማለት እየተለመደ መጥቷል። ከማርሚታው ቀደም ብሎ በጭስ መውጫው ቱቦ ላይ የሚገኘውን ዕቃ ማለቴ ነው። ስሙ ስሕተት ነው፤ ጥፋቱም ከቃል አልፎ ኪስ ይጎዳል።

ማጣሪያ ቆሻሻውን አስቀርቶ ንጹሑን ያሳልፋል። የዘይት ፊልትሮ እንዲህ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይጣላል። ካታላይቲክ ኮንቨርተር ግን አይይዝም፣ ይለውጣል። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሴራሚክ ነው፤ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተውበታል። ሲግል ገዳዩን ካርቦን ሞኖክሳይድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። አሜሪካ ውስጥ ከ1975 ሞዴል መኪኖች ጀምሮ የተስፋፋው ለዚህ ነው።

«ጭስ ቀያሪ» የሚሉም አሉ። ይሻላል፤ ግን ጎማ ሲቀየር አንዱ ወጥቶ ሌላው ይገባል። ለወጠ ሲባል ያው ነገር ባሕርዩ ሌላ ይሆናል። በቃና ዘገሊላ ውሃው ወይን ጠጅ ሆነ፤ ተለወጠ እንላለን። ግእዙ «ወለጠ» ነው፤ አማርኛው ፊደሎቹን አቀያይሮ የራሱ አደረገው። እንዲህ ያለ ቃል እያለን ለምን የፊልትሮን ስም እንዋሳለን? ማርሚታን ግን አልነካም፤ ከጣሊያንኛ ቢመጣም ዛሬ አማርኛ ነው።

ስሙ ጥገናውን ይመራል። «ማጣሪያው ሞልቷል» የተባለ ባለመኪና አስወልቆ ያሳጥበዋል፤ ይባስ ብሎ ሴራሚኩን ያስወጣዋል። ያኔ መርዙ እንዳለ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ፒ0420 የሚለውን የስሕተት ኮድ ቢያነብ እንኳ መለወጡ መድከሙን ነው የሚናገረው፤ ምክንያቱን አይናገርም። አስቀድሞ ካንዴላው ይታይ፤ ሞተሩ ከሳተ ያልተቃጠለ ቤንዚን እዚያ ደርሶ ይነድና ሴራሚኩን ያቀልጠዋል። ቱቦው ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ቢተነፍስም አየር ገብቶ ሴንሰሩን ያሳስተዋል። ይህን ለማወቅ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ደጅ ላይ፣ አስነስቶ የጭስ መውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ መያዝ ነው። በመገጣጠሚያው «ጭ፣ ጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ወይም ጥቁር ጥላሸት ከታየ ቀዳዳው እዚያ ነው። ዕቃው በላስቲክ መዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ ውስጡ ከተንኳኳ ግን ሴራሚኩ ተሰባብሯል፤ ማጠብ አያድነውም፣ በአዲስ ይተካል።

የመለዋወጫ ነጋዴዎች፣ የመካኒክነት መምህራን፣ ደረሰኝና መማሪያ ስትጽፉ «ጭስ ለዋጭ» በሉት።