ባዮአይደንቲካል የሆርሞን ሕክምና

ባዮአይደንቲካል የሆርሞን ሕክምና በማረጥ ዕድሜ ላይ ለሚገኙ ሴቶች የሚሰጥ ሲሆን፣ መድኃኒቶቹ በኬሚካዊ ቅርጻቸው እንቁልጢ ከሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ጋር አንድ ናቸው። ዋነኞቹ ኢስትራዲዮል የተባለው ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ናቸው። አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ ከቆመ 12 ወር ሲሞላ ነው። ድንገተኛ ሙቀት፣ የሌሊት ላብ፣ እንቅልፍ ማጣትና የብልት ድርቀት የተለመዱ ምልክቶች ናቸው።

አመጣጥ

ለማረጥ በስፋት ከተሸጡት ቀደምት መድኃኒቶች አንዱ ፕሪማሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ለአሜሪካ ገበያ የበቃ ሲሆን፣ ከእርጉዝ ባዝራ ሽንት ስለሚጣራ የሴት አካል የማያመነጫቸው ሆርሞኖችም አሉበት። በዚያው አሥር ዓመት አሜሪካዊው ኬሚስት ራስል ማርከር ዲዮስጄኒን ከተባለ የዕፅዋት ንጥረ ነገር ፕሮጄስትሮን በብዛት መሥራት ቻለ። ጥሬ ዕቃው ሜክሲኮ ውስጥ የሚበቅል የዱር ቦዬ ነበር። ማርከር በ1944 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ሲንቴክስ ኩባንያን ካቋቋሙት አንዱ ነው።

«ከዕፅዋት የተገኘ» የሚለው ማስታወቂያ ከዚህ ታሪክ ጋር ይያያዛል። ይሁን እንጂ ዲዮስጄኒን ሆርሞን የሚሆነው በፋብሪካ፣ በተከታታይ ኬሚካዊ ሂደት ነው። ንጥረ ነገሩ ከጎጃም ጓዳ በማይጠፋው አብሽ ውስጥም ይገኛል፤ የሰው አካል ግን ወደ ፕሮጄስትሮን ሊለውጠው አይችልም። ስለዚህ አብሽ መጠጣትም ሆነ የቦዬ ቅባት መቀባት የሆርሞን ሕክምናን አይተካም። ተልባ ደካማ ኢስትሮጅን መሰል ንጥረ ነገር ቢኖረውም፣ ሙቀቱን ስለ መቀነሱ የቀረበው ማስረጃ ጽኑ አይደለም።

የደኅንነት ክርክር

«የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ» የተባለው የአሜሪካ ጥናት 16,608 ሴቶችን ያሳተፈውን ክፍሉን በሐምሌ 2002 (እ.ኤ.አ.) ከታቀደው ጊዜ አስቀድሞ አቋረጠ፤ የጡት ካንሰር፣ የልብ ሕመም፣ የስትሮክና የደም መርጋት አደጋ ጨምሮ ስለተገኘ ነው። ከዚያ ወዲህ ባዮአይደንቲካል ሆርሞኖች እንደ አማራጭ ይበልጥ ይነሱ ጀመር። የተፈተነው ፕሪማሪን ከሜድሮክሲፕሮጄስትሮን አሲቴት ጋር ነበር። ይህ ሁለተኛው፣ መጠኑና አሰጣጡ ቢለያይም፣ በሦስት ወሩ የዴፖ የወሊድ መከላከያ መርፌ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው። ውጤቱ በቀጥታ ለኢስትራዲዮልና ለፕሮጄስትሮን ላይሠራ ይችላል፤ ነገር ግን እነዚህ ጉዳት የላቸውም ለማለት አያበቃም። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኢስትራዲዮል ከሚዋጠው ያነሰ የደም መርጋት አደጋ ያለው ይመስላል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሁለቱን ሆርሞኖች በአንድ የያዘ እንክብል እ.ኤ.አ. በ2018 አጽድቋል። በፋርማሲ ለየታካሚው የሚቀመሙት ግን መጠናቸው እንዲህ አልተፈተሸም፤ የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች በ2020 አጠቃቀማቸው እንዲገደብ መክረዋል።

በቢቸናና በሞጣ

እዚህ ለአብነት የሚነሱት የቢቸናና የሞጣ ከተሞች ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ስለ አካባቢው ሴቶች ጤና የተመዘገበው በአብዛኛው ወሊድንና የቤተሰብ ምጣኔን ይመለከታል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሚጠይቃቸው ሴቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው፤ ብዙዎች የሚያርጡበት ዕድሜ በዚሁ ወሰን ጠርዝ ላይ ይወድቃል። ዴፖ በጤና ኬላ ደረጃ የሚሰጥ መሆኑ ሆርሞንን ለብዙ ሴቶች ከወሊድ መከላከያ ጋር ያያይዘዋል።

በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም፤ ስታርጥ ይህ ገደብ ያበቃል። ባል የሞተባቸው አንዳንድ እናቶች በዚህ ዕድሜ ይመነኩሳሉ። ማረጥ እንደ በሽታ ብቻ የማይታየው ምናልባት በዚህም ምክንያት ነው።

ጥንቃቄ

ማሕፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅንን ያለ ፕሮጄስትሮን ወይም ተመሳሳዩ መውሰድ የለባትም፤ የማሕፀን ግድግዳ ካንሰር ያሰጋታል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም የጉበት ሕመም ላለባት በአብዛኛው አይታዘዝም። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሌሎች አማራጮች

ሆርሞን ያልሆነው የድንገተኛ ሙቀት መድኃኒት ፌዞሊኔታንት እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ጸድቋል።