መወጣጫውን ማን ይዘርጋ?

ጁን 12 ቀን 1889 ጠዋት በአየርላንድ፣ አርማ በምትባል ከተማ፣ የሜቶዲስት ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ ለሽርሽር ተሳፈሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባቡሩ 15 ፉርጎ ተቀጥሎበት፣ ከ900 በላይ ሰው ጭኖ ነበር የተነሳው። ትኬት ያልቆረጠ ሰው እንዳይገባ በሮቹ ተቆልፈዋል። ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ሞተሩ ዳገቱን መውጣት አቃተውና ቆመ።

ሠራተኞቹ ተማክረው ባቡሩን ለሁለት ለመክፈል ወሰኑ፤ የፊተኛውን ክፍል ወደሚቀጥለው ጣቢያ አድርሰው ለኋለኛው ሊመለሱ። የዚያ ባቡር ፍሬን ግን የሚይዘው ከሞተሩ ጋር እስከተያያዘ ድረስ ብቻ ነበር፤ ሲቆረጥ ይለቃል። ስለዚህ ዳገቱ ላይ የቀሩት 10 ፉርጎዎች የተያዙት በአንድ የእጅ ፍሬንና ጎማዎቹ ሥር በተወሸቁ ድንጋዮች ነው። የፊተኛው ክፍል ሊነሳ ሲል ትንሽ ወደ ኋላ ሸተት ብሎ ገፋቸው። ድንጋዮቹ ተፈረካከሱ፤ ፉርጎዎቹ ቁልቁል ተንደረደሩ። ከኋላ ደግሞ መደበኛው ባቡር እየመጣ ነበር። 80 ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት ነበሩ።

የብሪታንያ መንግሥት የባቡር መርማሪዎችን የሾመው ከዚህ አደጋ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1840 ነው። መርማሪዎቹ በንግድ ቦርድ ሥር ያሉ፣ ከጦር ሠራዊቱ የመሐንዲስ ክፍል የተመለመሉ መኮንኖች ነበሩ። አደጋ በደረሰ ቁጥር ቦታው ድረስ ሄደው ያጣራሉ፣ ምክንያቱን ይጽፋሉ፣ መፍትሔውን ይጠቁማሉ። ማስገደድ ግን አይችሉም ነበር። ከሞተሩ ቢለይም በራሱ የሚይዝ ፍሬን ይገጠም ብለው ለዓመታት ቢወተውቱም፣ ወጪውን የፈሩት ኩባንያዎች ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ከአርማ በኋላ ይህ አበቃ። ሦስት ወር ሳይሞላ የወጣው የ1889ኙ ሕግ ሦስት ነገሮችን ግዴታ አደረገ፤ በየፉርጎው የሚደርስና በራሱ የሚይዝ ፍሬን፣ በአንድ የሐዲድ ክፍል ውስጥ ከአንድ ባቡር በላይ የማያስገባ አሠራር፣ እንዲሁም የምልክትና የሐዲድ መቀየሪያ መቆለፊያ።

ሦስቱም መሣሪያዎች ናቸው። በባቡሩ ላይ ስንት ሰው ይኑር የሚለው ለኩባንያው ተተወ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1893፣ የባቡር ሠራተኛው ከልክ ያለፈ ሰዓት እንዳይሠራ መንግሥት ጣልቃ የሚገባበት ሕግ ወጥቷል። እሱም ቢሆን የሰዓት እንጂ የሠራተኛ ቁጥር ሕግ አልነበረም።

ይህ ክፍተት ለረጅም ጊዜ ማንንም አላስጨነቀም፤ ሁለተኛው ሰው ሳይታዘዝም በቦታው ነበርና። እንግሊዞች ጋርድ ይሉታል። በመጨረሻው ፉርጎ ተቀምጦ የእጅ ፍሬኑን ይይዛል፣ በሮችን ይዘጋል፣ ባንዲራውን አውለብልቦ ወይም ፋኖሱን አሳይቶ ባቡሩን ያስነሳል። ባቡሩ መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ በሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ እየሄደ፣ ሲረገጡ የሚጮሁ ትናንሽ ፈንጂዎችን ሐዲዱ ላይ አስሮ የሚመጣውን ባቡር ያስጠነቅቃል። ፍሬኑ በራሱ የሚይዝ ከሆነ በኋላም ከሥራው ብዙው አልቀረም። ሰው ሲታመም፣ ጠብ ሲነሳ፣ አሮጊት ሻንጣ ሲከብዳት የሚጠራው እሱ ነበር።

በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ መንገደኛም የሚጓዘው ከእሱ ዘንድ ነበር፤ በክብር ግን አልነበረም። የመንገደኛው ፉርጎ በር ጠባብ፣ መተላለፊያውም ቀጭን በመሆኑ ወንበሩ አይገባም። ስለዚህ ትኬቱን የቆረጠው ሰው ከብስክሌት፣ ከፖስታ ከረጢትና ከጥቅል ዕቃ ጋር በጋርዱ ፉርጎ ይጫናል። ክረምት ከሆነ ይበርደዋል። መጸዳጃ የለም፤ መቀመጫም ስለሌለ አብሮት የሚሄድ ዘመድም ይቆማል። ይህ የጥንት ታሪክ አይደለም። ዛሬ በሕይወት ያሉ ብዙ እንግሊዛውያን አካል ጉዳተኞች እንዲህ ተጉዘዋል፤ በ1980ዎቹም ገና የተለመደ ነበር።

ለውጡን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ከ1993 ጀምሮ ዳን በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የአካል ጉዳተኞች ቡድን አባላት በአውቶቡሶች ላይ ራሳቸውን በካቴና እያሰሩ የለንደንን ጎዳና ዘጉ። በ1995 ፓርላማው በአካል ጉዳተኞች ላይ የሚደረግ አድልዎን የሚከለክለውን ሕግ አጸደቀ። ይሁንና ሕጉ ለባቡርና ለአውቶቡስ ጉዞ ትልቅ ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ ጣቢያው ማድላት ሲከለከል፣ በባቡሩ ውስጥ የሚሰጠው አገልግሎት ግን ከሕጉ ውጭ ተደረገ። ቀዳዳው የተደፈነው በ2006 መጨረሻ ነው።

የፉርጎው ጉዳይ ቀደም ብሎ ተፈታ። በ1998 የወጣው ደንብ ከ1999 ጀምሮ ሥራ የሚገባ አዲስ ባቡር ሁሉ ምን መምሰል እንዳለበት በሚሊሜትር ዘረዘረ። የተሽከርካሪ ወንበር ቦታ ቢያንስ 1,300 በ750 ሚሊሜትር ይሁን፤ እጀታዎች ዓይኑ ለደከመ ሰው ጎልቶ የሚታይ ቀለም ይቀቡ፤ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ድምፅ ያሰማ። አሮጌዎቹም እስከ 2020 መግቢያ ድረስ እንዲስተካከሉ ቀነ ገደብ ተቆረጠላቸው። ቀኑ ሲደርስ ያልተዘጋጁ ኩባንያዎች ነበሩና መንግሥት ለአንዳንዶቹ ባቡሮች ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጠ። እንዲያም ሆኖ ይህ ደንብ ትልቅ ድል ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

ነገር ግን ፉርጎው ለአካል ጉዳተኛው ሲከፈት ጋርዱ ከፉርጎው እየወጣ ነበር። ከቤድፎርድ እስከ ለንደን ሴንት ፓንክራስ ያለው መስመር በ1982 ኤሌክትሪክ ሲገባለት፣ የመንግሥቱ ባቡር ድርጅት አዲሶቹ ባቡሮች በነጂ ብቻ ይሂዱ አለ። የሠራተኛ ማኅበራቱ እምቢ አሉ፤ የተገዙት ባቡሮችም ጭቅጭቁ እስኪፈታ ድረስ ያለ ሥራ ቆሙ። መደበኛው አገልግሎት በ1983 ሲጀመር ጋርድ አልነበረበትም። አሠራሩ ከዚያ ወደ ሌሎች መስመሮች ተዛመተ። ነጂው ፕላትፎርሙን በመስታወት፣ ኋላም በካሜራ እያየ በሩን ራሱ ይዘጋል። ከደኅንነት አንጻር ተቆጣጣሪዎቹ ሲመረምሩት ነውር አላገኙበትም።

ነውሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በብሪታንያ የፕላትፎርም መደበኛ ከፍታ ከሐዲዱ 915 ሚሊሜትር ሲሆን የአብዛኞቹ ባቡሮች ወለል ከዚያ ይበልጣል። ብዙ ጣቢያ ደግሞ በቪክቶሪያ ዘመን የተሠራና የጎበጠ ስለሆነ በባቡሩና በፕላትፎርሙ መሐል ክፍተት አለ። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ተጣጣፊ መወጣጫ ነው። ወይ በባቡሩ ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል፣ ወይ በጣቢያው ግድግዳ ላይ ተቆልፎ። አንድ ሰው ቁልፉን ያወጣል፣ መወጣጫውን ይዘረጋል፣ ጫፉ በበሩ ደፍ ላይ በደንብ መቀመጡን ያያል፣ ወንበሩን ከኋላ ይደግፋል፣ አጥፎ ይመልሰዋል። ሥራው ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል፤ ሰው ከሌለ ግን በሚሊሜትር የተለካው ፉርጎ ለመንገደኛው እንደተዘጋ ቤት ነው። ሕጉ መወጣጫ እንዲኖር አስገድዷል። በእያንዳንዱ ባቡር ላይ የሚዘረጋው ሰው እንዲኖር ግን አላስገደደም።

ይህ ጉዳይ ፈንድቶ የወጣው ከለንደን ደቡብ በሚሄዱት፣ ሰዘርን በተባለ የግል ኩባንያ ባቡሮች ላይ ነው። ኩባንያው ጋርዶቹን የበር ሥራ በሌለው አዲስ ማዕረግ ሊተካ ሲነሳ፣ ኤፕሪል 2016 አድማ ተመታ። ዲሴምበር ላይ ነጂዎቹ ተጨመሩበትና የሰዘርን አገልግሎት ጭራሽ የቆመበት ቀን መጣ። መንግሥትም ከዳር ቆሞ የሚመለከት ዳኛ አልነበረም፤ በውሉ መሠረት የትኬቱ ገቢ የሚገባው ለትራንስፖርት ሚኒስቴር ነበርና የአድማው ኪሳራም የእሱ ነበር። ጃንዋሪ 2017 የባቡርና መንገድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፍርዱን ሰጠ፤ ተገቢው መሣሪያ፣ ሥርዓትና የሠለጠነ ሠራተኛ ካለ ነጂው ብቻውን በር ቢዘጋ አደጋ የለውም አለ።

መልሱ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ግን ጎዶሎ ነበር። በሩ ሰው ሳይጎዳ ይዘጋል ወይ ተብሎ ተጠየቀ እንጂ፣ በሩ ተከፍቶ ማን ያስገባል አልተባለም። ይህንን የጠየቀው በ1985ቱ የትራንስፖርት ሕግ የተቋቋመው የአካል ጉዳተኞች የትራንስፖርት አማካሪ ኮሚቴ ነው። ነጂ ብቻ ያለው ባቡር ሠራተኛ በሌለው ጣቢያ ሲቆም አካል ጉዳተኛው መሳፈሪያም መውረጃም እንደሚያጣ ሚኒስቴሩን አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያውን ሕግ ያደረገው ግን የለም። በ2017 መጨረሻ የነጂዎቹ ማኅበር በደረሰበት ስምምነት፣ ካልታሰበ ችግር በቀር ሁለተኛ ሠራተኛ በባቡሩ ላይ እንዲኖር ቃል ተገባ። ቃሉ የተገኘው በድርድር ጠረጴዛ ነው፤ ‹‹ካልታሰበ ችግር በቀር›› የሚለው ሐረግም ባቡሩ ያለ ሁለተኛ ሰው የሚሄድበትን በር ገርበብ አድርጎ ተወው። በማግስቱ ዓመት ደግሞ የዚያው ኩባንያ የሠራተኞች መመሪያ ለሕዝብ ወጣ፤ ባቡሩን የሚያዘገይ ከሆነ መንቀሳቀስ የሚቸግረውን መንገደኛ እንዳይጭኑ ያዛል።

የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ምንም አልሠራም ማለት ግፍ ነው። ድሮ እርዳታ የሚፈልግ መንገደኛ ከአንድ ቀን በፊት መመዝገብ ነበረበት፤ በተቆጣጣሪው ግፊት ይህ በ2022 ወደ 2 ሰዓት ወርዷል። ያልተመዘገበም ቢሆን መጥቶ እርዳታ የመጠየቅ መብት አለው። ግን ምዝገባ መወጣጫ አይዘረጋም። ኦገስት 2024 ታኒ ግሬይ ቶምሰን ወደ ፓሪስ ፓራሊምፒክ ለመሄድ ለንደን ኪንግስ ክሮስ ደረሰች። በተሽከርካሪ ወንበር ሩጫ 11 የፓራሊምፒክ ወርቅ ያገኘች፣ የብሪታንያ የላይኛው ምክር ቤት አባል ናት። ከተመዘገበችበት ባቡር ዘግይታ በሚቀጥለው ነበር የመጣችው፤ የሚያወርዳት ሰው አልመጣም። ጠብቃ ጠብቃ ሻንጣዎቿን ፕላትፎርሙ ላይ አወጣች፤ ከዚያ እየዳኸች ወረደች። ይቅርታ ተጠየቀች። የምክር ቤት አባል ላልሆነው መንገደኛ ይቅርታ የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ማሰብ ይከብዳል።

በጣቢያዎቹም መሣሪያውም ሰውየውም ይጎድል ነበር። ፌብሩዋሪ 2020 በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ኤደን ፓርክ ጣቢያ፣ ዓይኑ የደከመ አንድ መንገደኛ ከፕላትፎርሙ ጫፍ ወድቆ በባቡር ተገጭቶ ሞተ። በእግር የሚዳሰሰው የማስጠንቀቂያ ንጣፍ በዚያ ጣቢያ አልነበረም። በ2023 አጋማሽ ደግሞ ኩባንያዎቹ በመንግሥት ግፊት በእንግሊዝ ወደ 1,000 የሚጠጉ የትኬት ቢሮዎችን ለመዝጋት ዕቅድ አወጡ። ሕዝቡ ሲጠየቅ ከ750,000 በላይ አስተያየት ጎረፈ። ዓይነ ስውሩ ከማሽን ትኬት እንዴት ይቁረጥ? መስማት የተሳነው ባቡሩ ሲቀየር ማን ይንገረው? የመንገደኞችን ጥቅም እንዲጠብቁ በሕግ የተቋቋሙት አካላት ዕቅዱን ተቃወሙ፤ ኦክቶበር 31 መንግሥት ሙሉ በሙሉ ሰረዘው።

መሣሪያውም ሰውየውም በአንድነት የተሟሉበት ቦታ አለ፤ ሊቨርፑል። የከተማዋ ባቡር ኩባንያ የመርሲሬይል አዲሶቹ ባቡሮች በ2023 መጀመሪያ ሥራ ሲገቡ ወለላቸው ከፕላትፎርሙ እኩል እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ከሥሩ ተንሸራታች ደረጃ ወጥቶ ክፍተቱን ይሞላል። በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ሰው ማንንም ሳይጠራ ይገባል። እዚያም ጋርዱን ለማስወጣት ታቅዶ ከረጅም አድማ በኋላ ሁለተኛው ሠራተኛ እንዲቀር ተስማምተዋል። እንዲህ ያለ ባቡርና ፕላትፎርም በአገሪቱ ሁሉ ለማዳረስ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጃል።

ከሜይ 2025 ጀምሮ፣ በደቡብ ምዕራቡ መስመር ተጀምሮ፣ ኩባንያዎቹ በ2024ቱ ሕግ መሠረት ወደ መንግሥት እየተመለሱ ነው። ደንቡን የሚያወጣውና ደመወዙን የሚከፍለው አንድ መንግሥት ሆኗልና፣ ጣት የሚቀስርበት ኩባንያ ከእንግዲህ አይኖረውም። ወለሉ ከፕላትፎርሙ እኩል ባልሆነ ባቡር ሁሉ ላይ መወጣጫ የሚዘረጋ የሠለጠነ ሁለተኛ ሰው ይኑር የሚል አንድ አንቀጽ በሕጉ ላይ መጨመር ይበቃዋል፤ ይጨምር።